ፓርቲ ምን ይዞ ሲመጣ ይመረጣል?

እዚህ ኦቦ አቧራውና ፀሐዩ እንዳለ ሆኖ ትምህርቱ ቀጥሏል።

ባለፈው ተርም በምናስተምርበት ክፍል የተማሪ ተወካይ ምርጫ አድርገን ነበር። ሁለት እጩዎች ቀረቡ፤ ሁለቱም ጎበዝ ልጆች ናቸው። ድምፁ በቁራጭ ወረቀት ተሰጠ፣ ወረቀቱ በካርቶን ተሰበሰበ፣ ቆጠራውም ሰሌዳ ላይ በጭረት ተካሄደ። ውጤቱን ስናይ ግን ደነገጥን። የተማሪዎቹን ቁጥር ቤታቸው በሚናገሩት ቋንቋ ለይተን ብንደምረው፣ ከጭረቱ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። አንድ እንኳ የተሻገረ ድምፅ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ያህል አንደኛው ወገን ከሌላው ጋር አንድ ዴስክ ላይ መቀመጥ ተወ።

በአራተኛው ቀን ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ እነዚህ ልጆች እኮ ምን እንደሚያደርጉልን አልነገሩንም። ታዲያ በምን እንምረጣቸው?» አለች። ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ክፍል ተወካይ ነው። ጥያቄው ግን ከክፍላችን የሰፋ ነው፤ አገራችን ስትጠይቀው የኖረች ጥያቄ ነው። በዕለቱ የሚረባ መልስ አልሰጠናትም። ይህ ጽሑፍ ለእሷና ለክፍል ጓደኞቿ የዘገየ መልስ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ። እኛ ስደተኞች ነን። የኬንያ ምርጫ አይመለከተንም፤ የአገራችን ምርጫም ሲደረግ የድምፅ መስጫ ሳጥኑ እኛ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ይህንን የምንጽፈው ለአንድ ፓርቲ ድጋፍ ለማሰባሰብ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሳንጨርስ የወጣን ሰዎች ብንሆንም፣ ያነበብነውንና ያየነውን ለተማሪዎቻችን ማካፈል ግዴታችን ነው ብለን ስለምናምን ነው። ዓመቶቹን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያን ታሪክ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የኬንያን ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጠናል።

ፓርቲ ያልነበረበት ምርጫ

በ1923 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት አገኘች። ፓርላማም ተቋቋመ፤ ሆኖም የሕዝብ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የመረጣቸው ሕዝቡ ሳይሆን መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ በ1950 ዓ.ም. መባቻ የመጀመሪያው ምርጫ ተደረገ። እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ በጠቅላላው አምስት ጊዜ ተመርጧል። ሴቶችም የመምረጥ መብት ነበራቸው። ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ፓርቲ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። እጩ ለመሆን ንብረት ያስፈልጋል። እጩው የሚቀርበው በስሙ፣ በዘሩና በሀብቱ ነው። መራጩ «ይኼ ሰው የማን ልጅ ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ምን ሊያደርግልኝ ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት መድረክ አልነበረውም። ውጤቱም ታየ። በዚያን ዘመን በተለይ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ነበር፤ ካመረተው ላይ ለባለ መሬቱ ከፍሎ በተረፈው ይኖራል። የጭሰኛና የባለ መሬቱን ግንኙነት የሚያሻሽል ረቂቅ ሕግ ለፓርላማው ቀርቦ ነበር፤ ሳይጸድቅ ቀረ። ለምን ቢባል፣ ከወንበሩ ላይ የተቀመጡት አብዛኞቹ ራሳቸው ባለ መሬቶች ነበሩ። ጭሰኛው ድምፅ ነበረው፤ ድምፁን የሚያውልበት ዓላማ ግን ማንም አላቀረበለትም።

ሁለት ቃላት

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች (ያኔ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር) ሰልፍ ወጡ። የያዙት መፈክር «መሬት ላራሹ» የሚል ነበር። ሁለት ቃላት ብቻ!

እስቲ እነዚህን ሁለት ቃላት እንደ መምህር እንመርምራቸው። አንደኛ፣ ማንበብ የማይችል ገበሬም ይረዳቸዋል። ሁለተኛ፣ ቃሉ መፈጸም አለመፈጸሙን ገበሬው ከደጁ ሆኖ ማየት ይችላል፤ በመኸር ጊዜ የባለ መሬቱ ሰው ለመካፈል መጣ ወይስ አልመጣም? ሦስተኛ፣ ማን እንደሚጠቀም ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚጎዳም አልደበቁም። «ለሁሉም ሁሉን እሰጣለሁ» የሚል መፈክር አልነበረም።

ይህ ጥያቄ በአሥር ዓመት ገደማ ከሰልፍ ወደ ሕግ ተሸጋገረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገውን አዋጅ አወጣ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው መሬትም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ደርግን ብዙ የምንወቅስበት ነገር አለ። ሆኖም የያኔው ገበሬ ያንን አዋጅ በደስታ መቀበሉን ታሪክ መዝግቦታል።

እንግዲህ ከዚሁ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች ወጡ፤ መኢሶንና ኢሕአፓ። ሁለቱ የቆሙለትን ነገር ጎን ለጎን ብናስቀምጠው ልዩነቱን ለማግኘት አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። ሁለቱም ሶሻሊስት ነን አሉ፤ ሁለቱም መሬት ላራሹ አሉ፤ ሁለቱም የብሔረሰቦች እኩልነት አሉ። የተለያዩት በዋናነት «ሥልጣን አሁኑኑ ለሕዝብ ይሰጥ ወይስ ደርግን እየደገፍን እንግፋው» በሚለው ላይ ነበር። ይህ በክርክር ሊፈታ የሚችል ልዩነት አልነበረም እንዴ? እነሱ ግን በጥይት ተነጋገሩ፤ ደርግም አንደኛውን በሌላኛው መትቶ በመጨረሻ ሁለቱንም አጠፋቸው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የፈሰሰውን የወጣት ደም ወላጆቻችን እስከ ዛሬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት።

ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ፓርቲ ጥሩ ዓላማ መያዙ ብቻ እንደማይበቃ ነው። እነዚያ ወጣቶች ስለ መሬት፣ ስለ ሠራተኛ፣ ስለ ብሔረሰብ ብዙ ጽፈዋል። ብንሸነፍ ምን እናደርጋለን ለሚለው ግን መልስ አላዘጋጁም።

ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኢሠፓ ብቻውን ቀረ። በ1979 ዓ.ም. 835 መቀመጫ ለነበረው ብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተደረገ፤ እጩዎቹ ግን ቀድመው በፓርቲው የተጣሩ ናቸው። አንድ ወጥ ብቻ በቀረበበት ማዕድ ላይ «ምረጡ» እንደ ማለት ነው።

«የምን ሰው ነህ?»

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ። በሽግግሩ ዘመን 87 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ፓርቲዎችም እንደ አሸን ፈሉ። አብዛኞቹ የተደራጁት በብሔር ነበር። እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል እንዳንሆን። በራሱ ቋንቋ እንዳይማር፣ እንዳይዳኝ የተደረገ ሕዝብ «ስሜን መልሱልኝ» ቢል እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ ብዙ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ፊደል የሚቆጥሩት ጥያቄው በመነሳቱ ነው።

ነገር ግን ስም ከተመለሰ በኋላ «ቀጥሎስ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ውኃውስ? መንገዱስ? የወጣቱ ሥራስ? ፓርቲው «እኔ ያንተ ወገን ነኝ» ከማለት አልፎ ይህንን ካልመለሰ፣ መራጩ ድምፅ መስጠቱ ቀርቶ ራሱን መቁጠር ይሆናል። የኛ ክፍል ምርጫ የሆነውም ይኸው ነው፤ ልጆቹ አልመረጡም፤ ተቆጠሩ። ምርጫ ቆጠራ ሲሆን ደግሞ ትንሹ ወገን መቼም እንደማያሸንፍ ያውቃል። መቼም እንደማያሸንፍ የሚያውቅ ሰው ሕጉን የሚያከብርበት ምክንያት ያጣል።

በ1984 ዓ.ም. ሰኔ የክልልና የወረዳ ምርጫ ሲደረግ ኦነግ ከምርጫው ወጣ፤ ከሽግግር መንግሥቱም ለቀቀ፤ ውጊያም ተከተለ። የዚህን ፖለቲካ ዋጋ እዚሁ ሞያሌ አካባቢ ያሉ አዛውንት ያስታውሱታል። በእነዚያ ዓመታት ድንበር ተሻግሮ የመጣው ስደተኛ ወልዳ ሰፍሮ ነበር፤ በኋላ ወደ ካኩማ ተዛወረ።

የ1997ቱ ክርክር

እኛ በ1997 ዓ.ም. ለመምረጥ ያልደረስን ልጆች ነበርን። ቢሆንም ሰው በየሬዲዮኑና በየቴሌቪዥኑ ዙሪያ ተኮልኩሎ ክርክር ሲያዳምጥ እናስታውሳለን። ለመጀመሪያ ጊዜ መንግሥትና ተቃዋሚ ፊት ለፊት ተቀምጠው በቀጥታ ስርጭት ተከራከሩ። አከራካሪ ከነበሩት ጉዳዮች ትልቁ ያው የድሮው ጉዳይ ነበር፤ መሬት። ኢሕአዴግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ይቀጥል፣ አለዚያ ገበሬው በችግር ጊዜ ሸጦት ይፈናቀላል አለ። ቅንጅት በበኩሉ ገበሬው የመሬቱ ባለቤት ይሁን፣ አለዚያ የባለሥልጣን ጥገኛ ሆኖ ይኖራል አለ። ኅብረትም የራሱን አማራጭ ይዞ ቀረበ። ማን ትክክል እንደነበር እዚህ አንፈርድም። ቁም ነገሩ ሕዝቡ «የማን ልጅ ነህ» ከማለት አልፎ «ምን ታደርጋለህ» ብሎ የጠየቀበት ጊዜ መሆኑ ነው።

ግንቦት 7 ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተሰለፈ። ቅንጅት በአዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ መቀመጫዎች፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን አገኘ። በአገር አቀፍ ደረጃ በታወጀው ውጤት ግን ከ547ቱ መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ። ተቃዋሚዎቹ ድምፃችን ተጭበርብሯል አሉ። ቅንጅት ውስጥ «ፓርላማ እንግባ» እና «አንግባ» የሚል ክርክር ተነሳ፤ አብዛኞቹ አልገቡም። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሰልፈኛ ላይ ተተኮሰ። ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ደርሶበታል። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፤ በ1999 ዓ.ም. ክረምት ሲፈቱ ፓርቲያቸው ተሰነጣጥቆ ጠበቃቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ያዙ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱንም። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የበለጠ ድል የለም። ነገር ግን ያ ምርጫ በተደረገ በዓመቱ አገሪቱ በተቃውሞ ተናጠች፤ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ተቃዋሚ የሌለበት ፓርላማ ሕዝቡ ምን እንደሚፈልግ የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። ከ1997ቱ ድንጋጤ በኋላ መንግሥት ለከተማ ወጣት ሥራና ለኮንዶሚኒየም ቤት የበለጠ ትኩረት የሰጠው፣ ድምፅ ስለተነፈገ አይደል እንዴ? ለተሸናፊ የተሰጠ ድምፅም ይሠራል ማለት ነው። ሲጠፋ ግን አሸናፊውም ይደነቁራል።

ከጎረቤታችን የተገኘ ምሳሌ

አሁን ወዳስጠጋን አገር እንምጣ። ኬንያ ነፃ ልትወጣ ስትል ሁለት ዋና ፓርቲዎች ነበሯት፤ ካኑና ካዱ። ካዱ የቆመው ለትንንሽ ብሔረሰቦች ነበር፤ ሥልጣን በየአካባቢው ይከፋፈል፣ ማለትም «ማጂምቦ» ይሁን ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ካኑ አሸነፈ፤ በዓመቱ ካዱ ራሱን አፍርሶ ካኑ ውስጥ ገባ። ለብዙ ዓመታት ካኑ ብቻውን ገዛ። የብዙ ፓርቲ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ ሲመለስም ተቃዋሚዎቹ እርስ በርስ ስለተከፋፈሉ፣ ፕሬዚዳንት ሞይ ከመቶ አርባ የማይሞላ ድምፅ ይዘው እ.ኤ.አ. በ1992 አሸነፉ።

እ.ኤ.አ. በ2002 ግን ተቃዋሚዎች ናርክ በሚል ስም ተሰባሰቡ፤ እጩአቸው ሙዋይ ኪባኪ ነበሩ። ብዙ ቃል ገቡ። ከገቡት ውስጥ አንዱን ለእናንተ ለተማሪዎች ብለን እናንሳው፤ «የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በነፃ ይሆናል» አሉ። እንደ «መሬት ላራሹ» ሁሉ ይህንንም ማንኛዋም እናት ከደጇ ሆና ማረጋገጥ ትችላለች፤ ልጄ በክፍያ ምክንያት ተመለሰ ወይስ ገባ? ኪባኪ ከመቶ ስልሳ በላይ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። በጥር 2003 ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳዲስ ልጆች ተመዘገቡ። በዓመቱም ኪማኒ ማሩጌ የተባሉ የ84 ዓመት አዛውንት ኤልዶሬት ውስጥ አንደኛ ክፍል ገቡ! መምህራን ግን መከራቸውን አዩ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ፣ መቶ ልጅ። ቃሉን የሰጠው ፓርቲ፣ ዋጋውን የከፈለው መምህሩ። ስለዚህ «በምን ገንዘብ? በማን ድካም?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ያው ናርክ በመቶ ቀን አዲስ ሕገ መንግሥት እናመጣለን ብሎ ነበር፤ አላመጣም። በዚህና በሥልጣን ክፍፍል ተጣልተው ተለያዩ። ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ በተነሳው ግጭት ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕገ መንግሥት ሥልጣንን ለ47 ካውንቲዎች አከፋፈለ። አስተውሉ፤ ተሸንፎ የጠፋው ካዱ የጠየቀው ነገር ከሃምሳ ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ። የተሸነፈ ሐሳብ የሞተ ሐሳብ አይደለም።

ይህም ቢሆን ፈውስ ብቻ ይዞ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2013 የመጀመሪያው የካውንቲ ምርጫ ሲደረግ፣ እዚህ ማርሳቢት ውስጥ የጎሳ አሰላለፍ ተካረረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞያሌ ውስጥ በተነሳው ግጭት በሺዎች የሚቆጠሩ ኬንያውያን ተሻግረው ኢትዮጵያ ገቡ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2010 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያው ሞያሌ ወታደሮች ዘጠኝ ሲቪሎችን ገደሉ፤ መንግሥት በተሳሳተ መረጃ የተፈጸመ ነው አለ፤ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው በተራው ወደ ኬንያ ሸሸ። አንድ ከተማ፣ አንድ መንገድ፤ ስደተኛው ብቻ ተራ ይለዋወጣል።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ወደ ክፍላችን እንመለስ። ይህንን ታሪክ በሦስት ክፍለ ጊዜ ካስተማርን በኋላ፣ ከተማሪዎቹ ጋር ሆነን ለማንኛውም እጩ የሚቀርቡ ሦስት ጥያቄዎች አወጣን።

አንደኛ፦ ቃልህ ከደጄ ሆኜ የማየው ነው ወይስ ላም አለኝ በሰማይ?

ሁለተኛ፦ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ማን ይጎዳል?

ሦስተኛ፦ ብትሸነፍ ምን ታደርጋለህ? ብታሸንፍስ ላልመረጠህ ሰው ምን ታደርጋለህ?

ፓርቲ የሚመረጠው በመጀመሪያው ጥያቄ ነው። እምነት የሚጣልበት በሁለተኛው ነው። አገር የምትተርፈው ግን በሦስተኛው ነው። በታሪካችን የመጀመሪያውን የመለሱ ፓርቲዎች ነበሩ፤ ሦስተኛውን ግን ማንም በቅጡ አልመለሰውም። ስለዚህ አንድ ፓርቲ ምንም ይሁን ምን ሊቆምለት የሚገባው ነገር ምንድን ነው ብትሉን፣ መልሳችን የተሸናፊው ወንበር ነው እንላለን።

ከዚያ ምርጫውን ደገምነው። አንደኛው እጩ የውኃ ተራ በየሳምንቱ በጽሑፍ እንዲለጠፍ አደርጋለሁ አለ። ሌላው የሴቶች መጸዳጃ ቁልፍ በሴት ተማሪ እጅ እንዲሆን እጠይቃለሁ አለ፤ ወንዶቹ ሳቁ፣ ሴቶቹ ግን አልሳቁም። ከድምፁ በፊት ሁለቱም የተሸነፈው ምክትል ሆኖ የአሸናፊውን ሥራ እንዲከታተል ተስማሙ።

ውጤቱን ማሳመር አንፈልግም። ድምፁን ያው በቋንቋ ለክተን ብናየው አሁንም አብዛኛው ወደየወገኑ ሄዷል። ነገር ግን ቢያንስ ሰባት ድምፅ ተሻግሮ ተገኘ። ማን ማን እንደሆኑ አናውቅም፤ አንጠይቅምም። ቁልፉ ዛሬ በሴት ተማሪ እጅ ነው፤ የውኃው ተራም በሩ ላይ ተለጥፏል። ሁለት ሳምንት ሳይለጠፍ ሲቀር ምክትሉ ለክፍሉ ተናግሯል፤ በዚህም የተጣላ የለም።

አንዳንድ ሰዎች «ድምፅ የሌለው ስደተኛ ስለ ምርጫ ተማረ አልተማረ ምን ዋጋ አለው?» ይሉናል። እኛ ደግሞ አሁን ካልተማርነው መቼ እንማረዋለን እንላለን። አንድ ቀን ወደየአገራችን እንመለሳለን። ያን ቀን «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚጠይቀን አይጠፋም። «ምን ታደርጋለህ? ብትሸነፍስ?» ብሎ የሚጠይቅ ትውልድ ግን ከአሁኑ መሠልጠን አለበት።

መምህራን ሆይ፣ ይህንን በየክፍላችሁ ሞክሩትና የሆነውን ጻፉልን። ተማሪዎችም አራተኛ ጥያቄ ካላችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

ቸር ይግጠመን።